አርቪ ይዛችሁ ትራክ ስቶፕ ከማደራችሁ በፊት

ሰመር ሲቃረብ ስልኬ ይበዛል። አርቪ፣ ያው አልጋና ወጥ ቤት ያለው መኪና፣ ተከራይተው ሊወጡ ያሰቡ ሰዎች ናቸው። "አንተ መንገዱን ታውቀዋለህ፤ አርቪ ተከራይተን ልጆቹን የሎውስቶን ፓርክ ልንወስድ ነው። ማታ ማታ የት እንደር?" ይሉኛል። መልስ ሳልሰጥ ጠያቂው ራሱ ይቀጥላል። "ትራክ ስቶፕ ነፃ ነው ሲሉ ሰማሁ። እዚያ አቁመን ብንተኛስ?"

ይቻላል። ግን ሥርዓት አለው፤ ትራክ ስቶፕ የከባድ መኪና ሾፌሮች ነዳጅ የሚቀዱበትና የሚያድሩበት ግቢ ነው።

ኑሮዬ ዴንቨር አጠገብ፣ አውሮራ ነው። ሥራዬ ከባድ መኪና መንዳት ነው፤ ሪፈር የምንለውን፣ ማቀዝቀዣ ያለው ተሳቢ እጎትታለሁ። ልጆቹ ትምህርት ሲዘጉ ደግሞ ከቤተሰብ ጋር አርቪ ተከራይተን እንወጣለን። ስለዚህ እዚያው ግቢ ውስጥ አንዳንዴ በሾፌርነት፣ አንዳንዴ በሽርሽረኛነት አድራለሁ። በሾፌርነት ሳድር የሚያናድደኝን ነገር በሽርሽረኛነት ላለማድረግ እሞክራለሁ። የምጽፍላችሁም ይህንኑ ነው።

ነገሩ ሁሉ የሚጀምረው ከሾፌሩ ሰዓት ነው። በአሜሪካ ሕግ ዕቃ የሚያመላልስ ሾፌር 10 ሰዓት ካረፈ በኋላ መንዳት የሚችለው ቢበዛ 11 ሰዓት ነው። እሱንም ሥራ ከጀመረ በ14 ሰዓት ውስጥ መጨረስ አለበት። መጋዘን በር ላይ ሦስት ሰዓት አስቁመው ቢያጉላሉት አብዛኛውን ጊዜ ሰዓቱ አይቆምለትም፤ ይቆጥራል። ድሮ በወረቀት ይመዘገብ ስለነበር ትንሽ ማሸጋሸግ ነበረች። ከዲሴምበር 2017 ወዲህ ግን አብዛኛው መኪና ላይ ኢኤልዲ የሚባል መሣሪያ በግዴታ ተገጥሟል። ከሞተሩ ጋር የተያያዘ ነው። ጎማው ሲዞር ራሱ ይመዘግባል። ለማንም አያዝንም።

እንግዲህ አስቡት። በአበሻ ሰዓት ምሽት ሦስት ሆኗል። ሾፌሩ የቀረችው ሃያ ደቂቃ ናት። ከኋላው 53 ጫማ ተሳቢ አለ፤ ከነራሱ ከ70 ጫማ በላይ ይሆናል። እንዲህ ያለ መኪና ገበያ አዳራሽ ጥግ አይቆምም፣ ሰፈር ውስጥ አይገባም፣ ብዙ ከተማ ደግሞ መንገድ ዳር ሲያቆም ይቀጣዋል። ያለው ምርጫ ትራክ ስቶፕ ነው፣ ወይም የመንግሥት ማረፊያ። እዚያ ቦታ ካጣ ወይ ሕግ ጥሶ ይነዳል፣ ወይ አውራ ጎዳናው መውጫ ትከሻ ላይ ቆሞ ያድራል። ሁለቱም አደጋ ነው።

ይህ ወሬ ብቻ አይደለም። በ2009 ደቡብ ካሮላይና ውስጥ አንድ ሾፌር ዕቃውን የሚያወርድበት ሰዓት እስኪደርስ የተዘጋ ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቆሞ ሳለ ተዘርፎ ተገደለ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ነበረች። ከዚያ በኋላ በተደረገ ጉትጎታ በ2012 በወጣው የመንገድ ሕግ ውስጥ በስሙ የሚጠራ ድንጋጌ ገባ፤ የጄሰን ሕግ ይባላል። ለከባድ መኪና ማቆሚያ የፌዴራል ገንዘብ እንዲውል የሚፈቅድ፣ እጥረቱም በየግዛቱ እንዲጠና የሚያዝ ነው። ጥናቱ ተጠንቷል። ቦታው ግን ዛሬም አይበቃም።

አዋሽ ወይም ሚሌ ላይ የጅቡቲ መስመር መኪኖች ተደርድረው ሲያድሩ ያየ ሰው ይሄ ቶሎ ይገባዋል። አሜሪካ ተወልደው ያደጉት ልጆቻችን ናቸው "ባዶ ቦታ ካለ ለምን አንቆምበትም?" የሚሉት።

ባዶ ሆኖ ይታያል። ችግሩም እሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ብትገቡ ግማሹ ግቢ ክፍት ነው። አንድ ሰዓት ሲሆን የቀሩት ጥቂት ናቸው። ሦስት ሰዓት ላይ ደግሞ መኪኖች መብራታቸውን ዝቅ አድርገው በየረድፉ መሐል ሲንከባለሉ ታያላችሁ።

አንድ ማታ ዋዮሚንግ ውስጥ፣ አይ-80 በሚባለው አውራ ጎዳና ላይ፣ ሮሊንስ ከተማ አካባቢ ቆሜ ነበር። ከፊቴ ባለው ረድፍ ትልቅ፣ አውቶቡስ የሚያህል አርቪ ቆሟል። ከኋላው ትንሽ መኪና ጎትቷል። ሁለት የከባድ መኪና ቦታ በአግድም ይዟል። ይህም ሳይበቃው የጎኑን ክፍል እንደ መሳቢያ ስቦ አውጥቶታል፤ መስመሩን አልፎ የሦስተኛውን ቦታ ግማሽ በልቷል። በሩ ላይ ምንጣፍ፣ ሁለት ተጣጣፊ ወንበር፣ ባለ ብዙ ቀለም አምፖል። ባልና ሚስት አረጋውያን ናቸው፤ ደስ የሚሉ ሰዎች ይመስላሉ። አንድ ሾፌር መጣ። ረድፉን ዞረ። ተመልሶ ዞረ። ሦስተኛ ላይ አርቪው ፊት ቆመና ለጥቂት ጊዜ ዝም ብሎ አየው። ጡሩምባ አልነፋም። ከዚያ ወጣ። ጠዋት ስወጣ ያው መኪና አውራ ጎዳናው መግቢያ ትከሻ ላይ፣ መጋረጃው እንደተዘጋ ቆሟል። በጎኑ ሌላው መኪና በሙሉ ፍጥነት እየገባ ያልፋል።

እነዚያ አዛውንቶች ማንን እንዳፈናቀሉ አያውቁም። ቢያውቁ ኖሮ ሌላ ቦታ የሚያድሩ ይመስለኛል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ነገር ይኸውላችሁ፤ የከባድ መኪና ቦታ ላይ ማታ አትቁሙ። እናንተ ሌላ ምርጫ አላችሁ። እሱ የለውም። ሌላው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

ታዲያ የት እንቁም ካላችሁ፣ ከመሄዳችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ፓይለት ፍላይንግ ጄ፣ ላቭስ፣ ቲኤ እና ፔትሮ ናቸው። ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዳንድ ፍላይንግ ጄ ለአርቪ የተለየ የነዳጅ መስመር አለው። ላቭስ በተወሰኑ ቦታዎቹ መብራትና ውሃ የሚቀጠልበት፣ በክፍያ የሚታደርበት የአርቪ ማቆሚያ ሠርቷል። እነዚህ ቦታዎች ላይ ብታድሩ ማንንም አላፈናቀላችሁም፤ ሰው ተቆጥቶ በራችሁን አያንኳኳም፤ ልጆቹም ኤሲ ከፍተው ይተኛሉ። የምትከፍሉት ገንዘብ ሰላም ይገዛላችኋል። እኔ ከነፃው ይልቅ ይሄን እመርጣለሁ፤ ቤተሰብ ይዤ ስሄድ በተለይ።

እንዲህ ዓይነት ቦታ ከሌለው ደግሞ ግቡና ጠይቁ። ከበር ላይ ከሚሸጠው ልጅ ይልቅ የናፍጣ ሾፌሮች የሚስተናገዱበት መስኮት ይሻላል። "ባለ 25 ጫማ አርቪ ይዘናል፤ ተኝተን ጠዋት በጊዜ እንወጣለን፤ የት ብንቆም ነው የሚሻለው?" በሉ። ማደር ይቻላል ወይ ብቻ ብላችሁ አትጠይቁ። የት እንቁም ብላችሁ ስትጠይቁ ሥርዓት እንደምታውቁ ይገባቸዋል። ብዙ ጊዜ በትንንሽ መኪኖች በኩል፣ ጥግ ላይ ረዘም ያለ ቦታ ያሳዩአችኋል። "አይቻልም" ካሉም አይቻልም ነው። ከተማው በደንብ ከልክሎት ሊሆን ይችላል። እዚያ ቆማችሁ አትከራከሩ።

ስለ መጠን አንድ ነገር ልበል። ቫን የሚያህለው አርቪ አንድ የቤት መኪና ቦታ ይበቃዋል፤ ስለሱ ብዙ አትጨነቁ። ብዙዎቻችን የምንከራየው ከሾፌሩ ጣሪያ በላይ አልጋ ያለውን፣ ከ25 እስከ 30 ጫማ የሚሆነውን ነው። እሱ በትንንሽ መኪኖች በኩል ሁለት ቦታ በርዝመት ይዞ ይቆማል፤ ወይም ኋላው ሣሩ ላይ እንዲያልፍ ተደርጎ ወደ ኋላ ይገባል። አውቶቡስ የሚያህለውን፣ ሌላ መኪና የሚጎትተውን የያዘ ሰው ግን ነገሩ ይከብደዋል። እሱ ካምፕ ቦታ ቀድሞ ቢይዝ ነው የምመክረው።

ሌላ ምርጫ አለ ብያለሁና ልንገራችሁ። ብዙ ዋልማርት የሱቁ ኃላፊ ከፈቀደና ከተማው ካልከለከለ አርቪ ያሳድራል። ክራከር ባረል የሚባለው ምግብ ቤትም ብዙ ቦታ ላይ ይፈቅዳል፤ ጠዋት ገብታችሁ ቁርስ ብትበሉ ደግሞ ደስ ይላቸዋል። ካሲኖዎች አሉ። የመንግሥት ማረፊያዎች አሉ፤ የእነሱ ደንብ ግን በየግዛቱ ይለያያል። ካሊፎርኒያ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ8 ሰዓት በላይ መቆም አይፈቅድም፤ ቴክሳስ እስከ 24 ሰዓት ይፈቅዳል፤ ማደር ጨርሶ የሚከለክሉም አሉ። መግቢያው ላይ ያለውን ሰሌዳ ማንበብ ነው። እዚያም ቢሆን የከባድ መኪናው ወገን ለከባድ መኪና ነው።

በቀን ደግሞ ነገሩ ቀለል ይላል። ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ሾፌሮቹ ወጥተዋል፤ ግቢው ክፍት ነው። ደክሟችሁ አንድ ሰዓት ጋደም ብትሉ ማንም ቅር አይለውም።

አሁን ነዳጅ። ይሄ ላይ ሰው ብዙ ይቸገራል። ትራክ ስቶፕ ሁለት ማደያ አለው። ከፊት ለፊት የቤት መኪናው፣ ከኋላ ወይም ከጎን የከባድ መኪናው። የኋላው ናፍጣ ብቻ ነው። የምትከራዩት አርቪ አብዛኛውን ጊዜ ቤንዚን ነው፤ ስለዚህ እዚያ ምንም ጉዳይ የላችሁም። የነዳጅ መቅጃውን ቀፎ ቀለም አይታችሁ አትመኑ፤ ጽሑፉን አንብቡ። የናፍጣ ፒክአፕ ያላችሁም ብትሆኑ የከባድ መኪናው ቀፎ አፉ ሰፊ ነው፤ አንዳንዱ መኪና ላይ አይገባም፤ ቢገባም ቶሎ ስለሚያፈስ ተርፎ ይመለሳል።

የፊተኛው ማደያ ላይ ደግሞ ቁመታችሁን እወቁ። ብዙ አርቪ ከ11 እስከ 12 ጫማ ይደርሳል። ጣሪያው ላይ ኤሲ አለ። የማደያው ጥላ ላይ ከፍታው ተጽፏል፤ ከመግባታችሁ በፊት እዩት። ሲከራዩ ቁመቱን ጽፈው መሪው አጠገብ የሚለጥፉ ሰዎች አሉ፤ እኔም እንደዚያ ነው የማደርገው።

ከባድ መኪና መስመር ውስጥ መግባት ግድ ሆኖባችሁ ናፍጣ ከቀዳችሁ አንድ ደንብ አለ። ቀድታችሁ ስትጨርሱ ወደፊት፣ መሬቱ ላይ እስከተሰመረው መስመር ተጠጉ። ከኋላችሁ ያለው እናንተ ደረሰኝ እስክታወጡ እየቀዳ ይጠብቃል። እዚያ አቁሞ ሳንድዊች ሊገዛ፣ ሻወር ሊወስድ የሚሄድ ሰው ነው ግቢ ውስጥ በጣም የሚጠላው። ሾፌሮችም ያደርጉታል፤ እነሱንም አንወዳቸውም።

የምትቆሙበት ቦታ ተገኘ እንበል። ከዚህ በኋላ ያለው ትልቁ ነገር መዘርጋት አለመዘርጋት ነው። እዚያ የቆማችሁት ልትተኙ ነው፤ ካምፕ ልታደርጉ አይደለም። የጎኑን ክፍል አታውጡ። ጥላውን አትዘርጉ። ወንበር አታውጡ። የብረት እግሮቹን አስፋልቱ ላይ አትትከሉ፤ በሙቀት የለሰለሰ አስፋልት ይበሳል። ጎታች መኪና ያላችሁ ተሳቢውን አትፍቱ። ሰው መጥቶ "ተነሱ" ቢላችሁ ሞተር አስነስታችሁ መሄድ መቻል አለባችሁ።

እኛ አበሾች ደግሞ የራሳችን ጣጣ አለን። ባለፈው አማቴ ከአዲስ አበባ መጥተው አብረውን ወጥተው ነበር። ላራሚ ደርሰን ቆምን፣ እራት ተበላ። እሳቸው ረከቦቱን ሲያወጡ አየሁ። ከዚያ ከሰል ያለበትን ትንሽ ምድጃ። በሩን ከፍተው ውጭ ሊያቀጣጥሉ ነው።

"እማማ፣ እዚህ እሳት አይነድም" አልኳቸው።

"ለምን? ሜዳ አይደል?"

"ዙሪያው ናፍጣ ነው። እሳት ሲያዩ ያባርሩናል።"

"ታዲያ ቡና ሳንጠጣ ልንተኛ ነው?"

ምን ይባላል። ባለቤቴ ዘዴኛ ናት፤ ቤት ቆልታና ፈጭታ የያዘችውን አወጣች፤ ጀበናው አርቪው ውስጥ ባለው የጋዝ ምድጃ ላይ ተጣደ። አማቴ ፊታችን ሳይቆላ የተጠጣ ቡና ብለው አጉረመረሙ፤ ሦስተኛውንም ግን ጠጡ። እናንተም ቡናውን ቤት ቆልታችሁ ኑ። አርቪ ውስጥ ልቁላ ብትሉ የጭስ ማስጠንቀቂያው ግቢውን ሁሉ ይቀሰቅሳል። ከሰል ግን ውስጥም ውጭም አይሆንም። ውስጥ ደግሞ ነፍስ ያጠፋል፤ ይሄን ቀልድ አታድርጉት። ከመውጣታችሁ በፊት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያው መሥራቱን ቁልፉን ተጭናችሁ ፈትሹ።

ጄኔሬተርም እንዲሁ ነው። ትራክ ስቶፕ ጸጥ ያለ ቦታ አይደለም። ሪፈር ሌሊቱን ሙሉ ይነሳል፣ ይጠፋል፤ ሾፌሮች ለማሞቂያ ሞተር አያጠፉም። ስለዚህ ጄኔሬተር ብታስነሱ በድምፁ የሚያማርር ብዙ ሰው አይኖርም። ጭሱ የት እንደሚሄድ ግን እዩ። የናንተ ጭስ ማውጫ የጎረቤት መስኮት ሥር ከሆነ ቦታ ቀይሩ ወይም አጥፉት። እናንተም በተራችሁ ሪፈር ጮኸብን ብላችሁ የሰው በር አታንኳኩ። ውስጡ ዶሮ ወይም አይስክሬም አለ፤ ቢያጠፋው ዕቃው ይበላሻል፤ ኪሳራው ወደ ሾፌሩ ሊመጣ ይችላል። እንቅልፋችሁ ቀላል ከሆነ የጆሮ መድፈኛ ያዙ። ልጆች ግን ይገርሟችኋል፤ ያንን ሁሉ ድምፅ ጆሮ ዳባ ልበስ ብለው ነው የሚተኙት።

ስለ ልጆች ካነሳን፣ ይሄን ረጋ ብላችሁ አንብቡልኝ። ከባድ መኪና ሾፌር ከፊቱ አፍንጫ ሥር ያለውን አያይም። በቀኝ በኩል ደግሞ ሰፊ ዕውር ቦታ አለበት። የሰባት ዓመት ልጅ ቁመት ለሱ የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ በመኪኖቹ መካከል አቋርጣችሁ አትሂዱ፤ ራቅ ቢልም ዳር ዳሩን ዙሩ። ልጅ እጁ ይያዝ። ኳስ አይወጣም፣ ብስክሌት አይወጣም። ማታ የስልካችሁን መብራት አብሩ፤ ወደ መሬት እንጂ ወደ ሰው መስኮት አይሁን። ውሻ ያላችሁ በገመድ ያዙና ቆሻሻውን አንሱ።

መኪና አራቱንም ፍሬቻ እያብለጨለጨ ወደ ኋላ ሲመጣ ካያችሁ ቁሙ። በእግርም በመኪናም ብትሆኑ ቁሙ። ጨርሶ እስኪገባ ጠብቁት። ረጅም መብራት አጥፉ፤ መስታወቱ ላይ ስታበሩበት ምንም አይታየውም። ደግሞ እባካችሁ ወርዳችሁ "ና! ና! ና! በቃ!" አትበሉት። አገር ቤት የለመድነው ነገር ነው፤ ልባችን ደግ ነው። ነገር ግን ሾፌሩ ማን እንደሆናችሁ አያውቅም፤ መቼ "በቃ" እንደምትሉም አያውቅም። ቢጋጭ የሱ መንጃ ፈቃድ ነው። ከፈለገ ራሱ ይጠይቃችኋል።

በረድፍ ጫፍ ላይ አትቁሙ የምለውም ለራሳችሁ ነው። ተሳቢ ሲታጠፍ ኋላው ይወዛወዛል፤ ጫፍ ላይ ያለ መኪና መስታወቱን የሚያጣው ሌሊት ነው። የተከራያችሁት አርቪ ደግሞ ግድግዳው ስስ ነው።

ውሃና ቆሻሻ። የወጥ ቤቱን እጣቢ ውሃ አስፋልት ላይ መልቀቅ የሚያስቡ አሉ፤ "ሳሙና ብቻ ነው" ይላሉ። ሳሙና ብቻ አይደለም፤ የሽሮ ዘይት አለበት፣ ጠዋት ይሸታል። በብዙ ቦታ ሕገወጥም ነው። የመጸዳጃውን ነገር አላነሳውም፤ እሱን የሚያደርግ ሰው ይህንን አያነብም ብዬ እገምታለሁ። አንዳንድ ፍላይንግ ጄና ላቭስ የማስወገጃ ጣቢያ አላቸው፤ ይከፈልበታል። ጓንት ያዙ። ቆሻሻ ከረጢት ደግሞ ማደያው አጠገብ ያለችው ትንሽ ቅርጫት ውስጥ አይጠቀጠቅም፤ ጠይቁ፣ ከኋላ ትልቁን ያሳዩአችኋል።

ሻወር ለሚፈልግ፣ ሾፌሮች ብዙ ናፍጣ ስለሚቀዱ በነጥብ ነፃ ያገኛሉ። እናንተ ከፍላችሁ መግባት ትችላላችሁ። ንፁህ ነው፤ ፎጣ ይሰጣሉ፤ በር ይቆለፋል። ብቻ ማታ ወረፋው ረጅም ነው፤ ተራ ቁጥር በስክሪን ይጠራል። አርቪው ውስጥ ሻወር ካላችሁ ለሾፌሮቹ ተዉላቸው። ወይም በቀን ግቡ።

ነፃ ማደር ማለት ምንም አለመግዛት ማለት አይደለም። ቤንዚን እዚያው ቅዱ። እራት ወይ ቁርስ ግዙ። ያሳደሯችሁ ሰዎች ይህን ያያሉ፤ የሚቀጥለው አርቪ ሲመጣም ፊታቸው አይጠቁርም። ሌላው ሁለት ሌሊት አለመድገም ነው። ተኝታችሁ ጠዋት ውጡ።

ስለ ደህንነት ሁለት ነገር ልበል። የሾፌሩ ወንበር ላይ ሻንጣ፣ ብርድ ልብስ፣ የልጅ መጫወቻ አትከምሩ፤ ቁልፉም ሁልጊዜ አንድ ቦታ ይሁን። ሌሊት አንድ ነገር ደስ ካላላችሁ ከውስጥ ሳትወጡ አስነስታችሁ መሄድ ነው። ሰው ቢያንኳኳ በር አትክፈቱ፤ በመስኮት አነጋግሩ። ብዙ ጊዜ ዕቃ የሚሸጥ ወይም ገንዘብ የሚለምን ነው። ሁለተኛው መጠጥ ነው። "እንግዲህ ቆመናል፣ አንድ ሁለት ቢራ ብንል ምን አለበት?" ይባላል። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ጥበቃ መጥቶ "እዚህ አይታደርም" ቢላችሁ ማነው የሚነዳው? ቢያንስ አንድ ሰው ሳይጠጣ ይደር። ጠጅ ካምፕ ስትደርሱ ይደርሳል።

አንድ ደግሞ የኛን ሰው የሚመለከት ነገር አለ። ዛሬ መንገድ ላይ የአበሻ ሾፌር ብዙ ነው። መስታወቱ ላይ ባንዲራ ወይም መስቀል ተንጠልጥሎ ስታዩ ደስ ይላችኋል፤ አውቃለሁ። ወርዶ ሄዶ አንኳኩቶ "ወንድሜ፣ ሰላም ነው?" ማለት ያምራችኋል። መጋረጃው ከተዘጋ ተዉት። ቀን ቢሆንም ተዉት። ሌሊቱን ሲነዳ ያደረ ሊሆን ይችላል፤ አሥሯን ሰዓት እየተኛ ነው። እኔ በጥሩ ልብ በመጡ ሰዎች ከእንቅልፌ ተነስቼ አውቃለሁ፤ ተመልሶ መተኛት ቀላል አይደለም፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ 80 ሺህ ፓውንድ ይዞ መንዳት አለ። ውስጥ ቡና ሲቀዳ ካገኛችሁት ግን ሰላም በሉት። አንድ ቁራጭ ድፎ ዳቦ ብትሰጡት ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ሲያወራችሁ ይከርማል። የመንገዱን ወሬም ከማንም በላይ የሚነግራችሁ እሱ ነው፤ የትኛው ትራክ ስቶፕ ለአርቪ ይመቻል፣ የትኛው ሌሊት ደስ አይልም፣ የት ላይ ግንባታ አለ።

ከዴንቨር ወደ የሎውስቶን የምትሄዱ የዋዮሚንግን ነፋስ አትናቁት። በላራሚና በሮሊንስ መካከል አይ-80 ነፋስ ሲበረታ ቀላልና ረጃጅም ለሆኑ መኪኖች ይዘጋል። ይሄ እናንተንም ይጨምራል፤ አርቪ ከጎን የሚመታው ሰፊ ነው፤ ውስጡ ግን ቀላል ነው። ስለ መንገዱ 511 ደውላችሁ ጠይቁ። መንገድ በተዘጋ ቀን ደግሞ ትራክ ስቶፕ ለማደር አታስቡ። ባዶ ተሳቢ የያዙት ሁሉ ከቀትር ጀምሮ እዚያ ይከማቻሉ፤ ነዳጅ መስመሩ ላይ ሳይቀር ቆመው ታያላችሁ። ያን ቀን ከተማ ውስጥ የአርቪ ፓርክ ፈልጉ፤ ካጣችሁ ሞቴል ያዙና አርቪውን ግቢው ውስጥ አቁሙት።

የሎውስቶን ውስጥ ደግሞ ሌላ ነው። ከተፈቀዱት ካምፖች ውጭ መኪና ውስጥ ማደር ክልክል ነው፤ ሬንጀር መጥቶ ያስነሳል። መብራትና ውሃ የሚቀጠልበትን ቦታ ከፈለጋችሁ ፊሺንግ ብሪጅ በሚባለው ካምፕ ነው ያለው፤ ለሰመሩ ከወራት በፊት ነው የሚያዘው። ቦታ ሳትይዙ ከቤት ከወጣችሁ ከፓርኩ ውጭ ባሉት ከተሞች፣ ዌስት የሎውስቶን ወይም ኮዲ ያሉትን የግል ካምፖች ቀድማችሁ ደውሉላቸው፤ ቅዳሜና እሑድን ካስወገዳችሁ የማግኘት ዕድላችሁ ይሰፋል።